ሚያዝያ ሠላሳ አንድ

ባለፈው ሰሞን ስልኬ አልሞላ ብሎ አስቸገረኝና መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ጠባብ የጥገና ሱቅ ይዤው ገባሁ። ባለሱቁ ስልኬን በአንድ እጁ እያገላበጠ፣ በሌላ እጁ አጠገቡ ሆዱ ተከፍቶ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር አስነሳ። ማራገቢያው እየተንገጫገጨ መዞር ሲጀምር የጋለ አቧራ ሽታ ፊቴን መታኝ። የጋለ አቧራ፣ ከሥሩ ትንሽ የተለበለበ ፕላስቲክ ያለበት፤ ያን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው ከሌላ ሽታ ጋር አያምታታውም። ባለሱቁ፣ «አባባ፣ ያስቸገረዎት ባትሪው ነው ቻርጀሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ፣ «ክትሩ ነው» ብዬ መለስኩለት። ሰውየው አየኝ፤ እኔም አየሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳው ብጀምር እንደማልዘልቀው ገባኝና «ነገ እመለሳለሁ» ብዬው ወጣሁ። ስልኬን እዚያው መተዌን ያወቅሁት ቤት ደርሼ ልደውል ስል ነው።

ያ ሽታ ይዞኝ የሄደው ወደ ድሮው የመስኖ መሥሪያ ቤታችን ነው፤ በስተኋላ በኩል ወዳለችው፣ የከሰዓት ፀሐይ ወደማይለቃት ክፍል። ዘመኑ መቼ ነው ብትሉኝ ቁርጡን መናገር አልችልም። ባለቤቴ «ትልቋ ልጃችን ፊደል የቆጠረች ዓመት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ትልቋ ያኔ ገና አልተወለደችም ባይ ነኝ። በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ ልጅቱ ራሷ እየሰማች ትስቅብናለች። እኔ በደንብ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ። ፓፓያ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲሁ የሚሰጣጠው እንጂ ሰው ገዝቶ የሚበላው ነገር አልነበረም። ሽንኩርት የጫነ መኪና ጧት በከተማው መሐል ሲያልፍ ልጣጩ እየበረረ ሰው ፀጉር ላይ ያርፍ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ የሚወዳት አንዲት ካሴት ነበረችው፣ አንድ ጎረምሳ ዘፋኝ የደሴ መንገድ ስለወሰደበት ልጅ የሚያለቅስባት። ሥራ ስንገባ ያለቅሳል፣ ስንወጣ ያለቅሳል። የዘፋኙ ስም ጠፍቶኛል፤ ልጅቷም ተመልሳ መጥታለት እንደሆነ አላውቅም።

ሸዋ ሮቢት ያኔ ጋሪ የሚበዛባት ከተማ ነበረች። አሁን ባጃጁ ሰውን እየገፋ ነው የሚያልፈው፤ በቀደም አንዱ ጥሩምባውን ነፍቶብኝ «አባት፣ ጠጋ!» አለኝ፤ ወዴት እንደምጠጋ ግን አልነገረኝም። ሙቀቱ ብቻ ያው ነው፣ አልተለወጠም። ከላይ ከደጋው ተመድቦ የሚመጣ ሠራተኛ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ጣርማ በር ዋሻውን ሲያልፍ ብርድ ቀጥቅጦት የደረበውን ኮትና ሹራብ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ በየት አውልቆ በየት እንደሚያኖረው ይጨንቀዋል። በሳምንቱ ሸሚዙን ከፍቶ ሲሄድ ታዩታላችሁ፤ በወሩ ቤቱ ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ሸበጥ ተጫምቶ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሮቢት ሰው ነው።

ሰላማዊትም እንደዚያው ነው የመጣችው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የአዲስ አበባ ልጅ ነች፤ ስለ ውሃና ስለ ጎርፍ የተማረች። ሹራቧን ሳታወልቅ፣ ሻርፗን ሳትፈታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ከአውቶቡስ ወረደች። እኔ የመስኖ ቴክኒሻን ነበርኩ። ዓመታት ሙሉ የሮቢ ወንዝን ስፋትና ጥልቀት፣ የዳርና ዳሩን ከፍታ እየለካሁ ወደ ላይ እልክ ነበር፤ የላክሁት ወዴት እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም። እሷ ያን ሁሉ ሰብስባ ኖሯል። ከቦርሳዋ አንዲት ሲዲ አወጣችና፣ «ጋሼ ሽፈራው፣ ወንዝዎ እዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ። እኔ ወንዙን ጧት አይቼው ነበር የመጣሁት፤ እዚያው ነበር። ሲዲዋን ተቀብዬ አየኋት፤ ፊቴን ነው ያየሁባት።

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ሳይገባኝ ቀረ። ሲዲዋ ላይ ያለው ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ እንዴት እንደሚሞላና በየት በየት እንደሚወጣ አስልቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈው፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን እንዲሁ አይገባትም፤ ወደ ራሷ ቋንቋ መመለስ አለበት። ይህን መመለስ ኮምፓይል ማድረግ ይሉታል። ጽሑፉ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ቁራጭ የዝናቡ ነው፣ አንዱ የአፈሩ፣ አንዱ የወንዙ ቅርጽ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተመልሶ በኋላ ይገጣጠማል፤ ልብስ ሰፊ እጅጌውን ለብቻ አንገትጌውን ለብቻ ሰፍቶ እንደሚገጥመው ማለት ነው። «እጅጌውን ብቻ መለወጥ ብንፈልግስ?» አልኳት፣ የገባኝ መስዬ። «እጅጌውን ብቻ ነዋ እንደገና የምንሰፋው። የሚገጣጥም ሌላ ፕሮግራም አለ፤ የትኛው ቁራጭ እንደተነካ እሱ ራሱ ያውቃል» አለችኝ። እንዴት እንደሚያውቅ አልጠየቅኋትም። ያን ቀን ጠይቄያት ቢሆን ይህን ሁሉ አሁን የማወራላችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ኮምፒዩተር ነበረው። አንዷ አሮጌ ነች፤ ሰላማዊት ፕሮግራሙን ልትጭንባት ስትሞክር አንድ ፋይል ጎደለኝ ትላለች፤ ያን ስትሰጣት ሌላ ጎደለኝ ትላለች፤ የጎደለው ሁሉ ሲሟላላት መብራት ጠፋና ሲመለስ አብራው አልተመለሰችም። የጋለ አቧራውን ያሸተትኩት ያኔ ነው። ሁለተኛዋ የጸሐፊያችን የወይዘሮ አየለች ነች። አየለች በእጇ ዳንቴል ሠርታ አልብሳታለች፤ ጧት ገልጣ ማታ ትሸፍናታለች፤ ሻይ ይዞ የቀረባትን ሰው በዓይኗ ትመልሰዋለች። እሷን ለምነን ገባን። የአየለች ኮምፒዩተር ሰላማዊት ዩኒቨርሲቲ ከተጠቀመችበት ጋር አንድ ዓይነት ስለነበረች፣ እዚያው ተመልሰው ያለቁት ቁራጮች ከሲዲው ተገልብጠው ወዲያው ተገጣጠሙ። ሰላማዊት ላፕቶፕም ነበራት፤ እሱ ግን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው የሚሠራበት፤ የዚያችኛዋ ቁራጭ ለዚህኛው አይገባም፤ ሁሉን ከሀ ጀምሮ መመለስ ያስፈልገዋል። አንድ ጽሑፍ ለሁለት ኮምፒዩተር ሁለት ጊዜ መተርጎሙ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልዋጥ ብሎኛል።

እንግዲህ እትዬ ብርቅነሽን ላምጣት። እትዬ ብርቅነሽ ወንዙ እጥፍ ከሚልበት ዳር የምትኖር ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ማሾና ሽንኩርት ታመርታለች፤ በዓመታት ጥረት ያቆመቻት ባለ ቆርቆሮ ቤት አለቻት፤ ደጇ ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ወንዝ ስለካ ቀኑ ሲሞቅብኝ የማርፈው እዚያ ማንጎ ሥር ነው። ውሃ በጣሳ ትሰጠኝና፣ «ዛሬስ ጨመረ ቀነሰ?» ትለኛለች፤ ወንዙ ልጇ የሆነ ይመስል። በየክረምቱ ውሃው ወደ ግቢዋ ቀረብ እያለ ስለነበር ዕንቅልፍ አጥታለች። ቀበሌው ከፍ ብሎ ጉብታው ላይ ቦታ ሊሰጣት ፈቅዶላታል፤ እሷ ግን ቤት ማፍረስ ያስፈራታል። ማንጎው ደግሞ ተነቅሎ አይሄድ ነገር። ሰላማዊትና እኔ የተጨነቅነው ለዚህ ነው፤ ከክረምት በፊት ትሂድ ወይስ ትቀመጥ የሚለውን ቁርጡን ነግረን ልናሳርፋት።

የአየለች ኮምፒዩተር መጀመሪያ ስታሰላ፣ ከባድ ክረምት ከሆነ ውሃው እትዬ ብርቅነሽ ግቢ ገብቶ ማንጎው ቅርንጫፍ የሚያወጣበት ድረስ ይደርሳል አለች። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ቀለም ቤቱን ሲውጠው አየሁ። በማግስቱ ሰላማዊትና እኔ ሄደን ነገርናት።

«ማን ነው እንዲህ የሚል?» አለች እትዬ ብርቅነሽ።

«ኮምፒዩተሯ ነች፣ እትዬ» አልኳት።

«የማን ልጅ ነች?»

እኔ ግራ ገባኝና፣ «የወይዘሮ አየለች ነች» አልኩ።

«አየለች ጸሐፊዋ? ልጅ አላት እንዴ? ኧረ አልሰማሁም!» አለችና ወደ ሰላማዊት ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ እሱ ወንዝ ሲለካ ፀሐይ መትቶታል። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?»

ሰላማዊት፣ «ውሃው ይመጣል ነው የሚለው እትዬ፤ ግን ትንሽ ይታገሱን፣ ደግመን እናየዋለን» አለቻት። እትዬ ብርቅነሽ ማንጎውን ቀና ብላ አየችው፤ ነጠላዋንም አፏ ላይ አደረገች።

ደግመን እናየዋለን ማለታችን ነው ጣጣ ያመጣው። በዚያው ሰሞን ከላይ ካለው መሥሪያ ቤት አንድ ትእዛዝ መጣ። ከክረምቱ በፊት ወንዙ ዳር የድንጋይና የአፈር መከላከያ፣ ክትር ይሠራል፤ ስለዚህ ክትሩን አስገብታችሁ አስሉ የሚል። ደስ አለን። ክትሩ ካለ እትዬ ብርቅነሽ ቤቷን ላታፈርስ ትችላለች። ፕሮግራሙ የድሮ ሰው የጻፈው ስለሆነ የወንዙ ቅርጽ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ነበር የተጻፈው። ሰላማዊት አየለች ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ የወንዙን ቁራጭ ከፈተችና ክትሩን ጨመረችበት፤ ገጣጥሚ አለቻት፤ ገጣጠመች፤ አስዪ አለቻት፤ አሰላች። ውሃው ግቢው ገባ። ልክ እንደ በፊቱ፣ አንድ ጣት ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሰላማዊት ክትሩን ከፍ አደረገችው፤ ገባ። እንደገና ከፍ አደረገችው፤ ገባ። ተናደድኩና፣ «ከደብሩ ጉልላት በላይ አድርጊው!» አልኳት፤ ከደብሩ ጉልላት በላይ አደረገችው። ውሃው ያን የሚያህል ክትር የት እንዳለፈው እንጃ፣ ሰተት ብሎ ገብቶ ማንጎው ላይ ቆመ።

ያንኑ ጽሑፍ፣ ክትሩን በትክክለኛ ቁመቱ መልሳ፣ ላፕቶፑ ላይ ጫነችው። ላፕቶፑ ሁሉን ከሀ ጀምሮ ሲመልስ ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀ። ሲያሰላ ግን ውሃው ክትሩ ሥር ቀረ፤ ግቢው ደረቅ፣ ቤቱ ደረቅ፣ ማንጎው ደረቅ። አንድ ወንዝ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንዲት ልጅ ያስተካከለችው፤ አንዷ ትሂድ ትላለች፣ አንዱ ትቀመጥ ይላል። ሰላማዊት ኮምፒዩተሮች ቁጥር ሲያካፍሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቅንጣት በተለያየ መንገድ እንደሚያጠጋጉ ነገረችኝ፤ ቅንጣት ግን ቤት አይወስድም። ሙቀቱ ነው ብለን እርጥብ ጆንያ መስኮቱ ላይ ሰቀልን። መብራቱ ነው ብለን ከካሴት ቤቱ የተለየ መስመር ፈለግን። አንድ ቀን እኔው ራሴ ዳንቴሉ ነው፣ አፈናት ብዬ ዳንቴሉን ሳነሳ አየለች ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፈገችኝ። ሦስተኛ ዳኛ ይምጣ ብለን፣ ማጀቴ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር አለ ስለተባለ እዚያ ሄድን፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ፤ በመስኮት አየናትና ተመለስን። በመንገድ ላይ ሰላማዊት፣ «ጋሼ ሽፈራው፣ እኔ ምንም አልተማርኩም መሰለኝ» አለችኝ። አሳዘነችኝ፤ መንገዳችን ላይ ጀውሃ ከተማ ወርደን ጥብስ ጋበዝኳት፤ ሳትበላው ቀዘቀዘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ብርቅነሽ ገበያ በመጣች ቁጥር በመስኮቱ ብቅ ትላለች። «አንተ ሽፈራው፣ እቺ ልጅ ምን አለች?» እኔ፣ «ትንሽ ይጠብቁ እትዬ» እላለሁ። «እሺ እኔስ ልጠብቅ፤ ዝናቡ ይጠብቅልኛል?» ትለኛለች። ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጨው አቀብለኝ ብትለኝ «የትኛዋ ኮምፒዩተር ላይ?» እስከማለት ደርሻለሁ ትላለች፤ ይህን ግን እንደጨመረችበት ጥርጥር የለኝም።

ከዚያ ልደታ ሆነ። ግንቦት አንድ። ጧት ሥራ የገባነው ግማሾቻችን ነን፤ ከውጭ የንፍሮ ሽታ ይመጣል። ሰላማዊት አየለች ወንበር ላይ አገጯን በእጇ ደግፋ ስክሪኑን ታያለች። አየለች ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ገባችና፣ «እንኳን አደረሳችሁ። አንዴ ተነሺልኝ የኔ እመቤት፣ ቀን ላስተካክልባት ነው» አለች።

«ምን ቀን?» አለች ሰላማዊት።

«ዛሬ ልደታ አይደለም እንዴ? እሷ ገና ሚያዝያ ሠላሳ አንድ ላይ ነች።»

ሰላማዊት ቀስ ብላ ዞረች። «ወይዘሮ አየለች፣ ሚያዝያ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን አለ እንዴ?»

«የለማ! እኔስ እሱን አይደል የምልሽ? አንዳንዱ ወር ላይ አንድ ቀን ትጨምራለች። ለዚህ ለዚህስ ለምጃታለሁ፤ በወሩ መጀመሪያ አርማታለሁ። ጥቅምት ላይ ነው የምታስቸግረኝ፤ ሃያ ስምንት ሲሆን ኅዳር ገባ ብላ ድርቅ ትላለች። ጳጉሜን ጭራሽ አታውቃትም፤ ጳጉሜን በእጄ ነው የምጽፍ።»

ቀስ በቀስ ወጣ። አየለች ደብዳቤ ስትጽፍ ኮምፒዩተሯ ራሷ ከላይ ቀኑን ታስገባለች፤ መጀመሪያ ላይ የምታስገባው የፈረንጅ ቀን ነበር። አለቃችን በፈረንጅ ቀን የወጣ ደብዳቤ አይቶ ተቆጣ። አየለች ምን ታድርግ፤ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም ወደ እኛው መለሰችው፤ ስምንተኛው ወራችን ሚያዝያ ነውና በፈረንጁ ስምንተኛ ወር ላይ አስቀመጠችው፣ ሠላሳ አንድ ቀን ባለው ላይ። ሰዓቱንም ጭምር፤ ጧት ሁለት ሰዓት ሥራ ስትገባ ሁለት ሰዓት እንዲል። ከዚያ ወዲህ ያቺ ኮምፒዩተር ከነሙሉ ነፍሷ ሐበሻ ሆና ነበር የምትኖረው፤ ጳጉሜን ብቻ አላስለመዷትም።

ሰላማዊት መጀመሪያ ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ የሳቁ ይሁን የሌላ አልለይ አለኝ። ያ የሚገጣጥመው ፕሮግራም የትኛው ቁራጭ እንደተነካ የሚያውቀው ቀኑን አይቶ ነው ለካ! ተመልሶ ያለቀው ቁራጭ ከዩኒቨርሲቲው የፈረንጅ ቀን ይዞ መጣ። ክትሩ የተጨመረበት አዲሱ ጽሑፍ ደግሞ እዚህ ስለተጻፈ የሐበሻ ቀን ያዘ፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁለቱን ያያይና ጽሑፉ ድሮ የተጻፈ፣ ትርጉሙ አዲስ ነው ብሎ ምንም ሳይነካ ያልፈዋል። ሰላማዊት ክትሩን ከጉልላቱ በላይ ብታደርገው፣ ከጣርማ በር በላይ ብታደርገው፣ ያቺ ኮምፒዩተር ስለ ክትር አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ላፕቶፑ ግን ሁሉን ከሀ ጀምሮ ስለመለሰ ሰምቷል። ይህን ሦስት ጊዜ አስረድታኝ በሦስተኛው የገባኝ መሰለኝ፤ አሁን ስጽፈው ደግሞ እንደገና እየጠፋኝ ነው።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለስነው። ሰላማዊት ሁሉን ከሀ ጀምራ አስመለሰች፣ አስገጣጠመች፣ አሰላች። ውሃው ክትሩ ሥር ቀረ። ሁለቱም ተስማሙ! ተቃቅፈን ዘለልን፤ እኔ በዚያ ሙቀት ስዘል የመጨረሻዬ ነበር። አየለች ብቻ ዳንቴሏን እጇ ላይ እያጠፈች እየዘረጋች፣ «ደብዳቤዬስ?» አለች።

በማግስቱ ጧት የምሥራቹን ይዘን ወንዝ ወረድን። ይቀመጡ ልንላት ነው፤ ቤትዎ አይነካም፣ ማንጎዎ አይነካም። ከሩቅ ማንጎው ታየን፤ ከጎኑ ግን የለመድኩት የቆርቆሮ ብልጭታ የለም። ስንቀርብ ሰው ሞልቷል። እትዬ ብርቅነሽ ደቦ ጠርታ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶላታል፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ ወደ ጉብታው ሄዷል፣ ግድግዳው ፈርሷል፣ የቀረው ትልቁ ምሰሶ ነው። እሱን ሊያነሱ ሰዎቹ ተጎንብሰዋል፤ አንዱ ወገን «በስመ አብ!» ሲል ሌላው ወገን «ቢስሚላህ!» አለና ምሰሶው ብድግ አለ። ሰላማዊት ክንዴን ጨመደደችኝ።

«እትዬ» አልኳት፣ «ምነው ሳይነግሩን?»

«ምን ልንገርህ? ልደታ ስታልፍ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እመጣለሁ፣ ጠብቂ ትላለህ። አንጀቴ ተቆረጠ። መጀመሪያ የነገራችሁኝን ይዤ ተነሣሁ።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ ታወቀ። ክትር ይሠራል። ውሃው አይደርስብዎትም። መቀመጥ ይችላሉ።»

ወደ ፈረሰው ቤቷ አየች፤ ወደ እኔ አየች። «መቀመጥ እችላለሁ?» አለች። «ምኑ ላይ ልቀመጥ?»

ሰዎቹ ምሰሶውን እንደያዙ ቆመው ያዳምጣሉ። እትዬ ብርቅነሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ትራገማለች። «አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ አይመጣም! እናንተ የተማራችሁ ሰዎች፣ እርስ በርሳችሁ ተነጋግራችሁ ጨርሳችሁ ብትመጡ ምን አለበት? በሰው ቤት ዕቃ ዕቃ ትጫወታላችሁ?» ሰላማዊት አብራት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። እኔ ደግሞ የት እንደምቆም ጠፍቶኝ ምሰሶውን ከያዙት ጋር ገብቼ ተሸከምኩ። ጉብታው ላይ አወጣነው። እንደገና አውርዱት ለማለት ፊት አልነበረንም፤ እሷም አቅም አልነበራትም። እዚያው ላይ ተተከለ።

ያ ክረምት ሲመጣ ስለ ክትሩ የሰማነው ይሠራል የሚለውን ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ይሠራል ተባለ፤ ሐምሌ ላይ ይሠራል ተባለ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ግን አንድም አልመጣም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ደጋው ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦበት አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ወንዙ እያጓራ መጣ። ጉብታው ላይ ከእትዬ ብርቅነሽ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ውሃው እጥፋቱን ሰብሮ ድሮ ቤት የነበረበት ላይ ተዘረጋ፤ ቡናማ ነው፣ ሽንኩርት ከነሥሩ፣ አጥር ከነእሾሁ ተሸክሟል። ማንጎው ጋ ደርሶ ቅርንጫፍ ከሚያወጣበት ላይ ሲቆም አወቅሁት፤ ያን ቦታ ስክሪን ላይ ስንት ቀን አይቼዋለሁ። ትክክል ያልነው ላፕቶፕ ሳይሆን ተሳሳተች ያልናት የአየለች ኮምፒዩተር ነበረች ያንን ያለችው። እትዬ ብርቅነሽ አታለቅስም፤ ክንዴን ብቻ ይዛለች።

በኋላ ሰላማዊትን ጠየቅኋት። «እንግዲያው የትኛዋ ነበረች ልክ?» አልኳት።

«ላፕቶፑ ክትር አለ ስላልነው ክትር አለ ብሎ ነው ያሰላው፤ ስሌቱ ልክ ነው። እሷ ደግሞ ስለ ክትሩ አልሰማችም።»

«ክትሩ እኮ አልነበረም።»

«አልነበረም» አለች።

«ስለዚህ ያልሰማችው ነች ልክ?»

«ጋሼ ሽፈራው፣ ተዉኝ በናትዎ» አለችኝ። ብዙ ሳትቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች፤ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ጥያቄዬን ግን እስካሁን አልተውኩትም። አንዳንድ ቀን ልክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ይመስለኝና፣ ሻዬን ጨርሼ ስነሣ ይጠፋኛል።

ሰላማዊት ገና ሳትዛወር፣ ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ የገበያ ቀን ላይ፣ እትዬ ብርቅነሽ መሥሪያ ቤታችን መጣች። በመስኮቱ አይደለም፤ በበሩ ነው። አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ እግሯን ደጅ ላይ ታጥባ፣ ምርጥ ምርጥ ፓፓያ በቅርጫት ይዛ። ለእኔ አንድም አልሰጠችኝም። «ያቺ ሂጂ ያለችኝ የትኛዋ ነች?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። ቀረብ አለችና፣ አየለች ታየኛለች ሳትል፣ ዳንቴሉን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው፤ ፓፓያውን አንድ በአንድ አጠገቧ ደረደረችላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ጣቷን አነሣችብን።

«እቺን ማንም እንዳይነካት» አለች። «ሰምታችኋል? ያን ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። እቺን ግን እንዳለች ተዉአት፤ እንዳታስተካክሏት።»

አየለች እኔን አየችኝ። እኔ ሰላማዊትን አየኋት። ሰላማዊት መሬት መሬት ታያለች። ካስተካከልናት ቆይቷል።

«እሺ፣ እትዬ» አልኳት።